የአንድ ድስት ማኅበር

ቅጠሉን እቆርጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ሌላ ሰው ላይ እንዳላላክክ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረግ በከተማችን የተለመደ ነገር ስለሆነ ራሴንም አላምንም።

ጊዜው የ1994 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ አገሩ ቦንጋ፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። የቡና ዋጋ እንደዚያ ዓመት ወድቆ አያውቅም ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ለለቃሚ የሚከፈለው ከሚሸጥበት በልጦ፣ ብዙ ሰው ቡናውን ጫካ ውስጥ ከነዛፉ ትቶታል። በዚያ ላይ እንሰቱን በሽታ መታውና በየጓሮው እየጠወለገ ወደቀ። ሰኔ ሲገባ ከዋጫም ከቢታ ገነትም መንገድ የመጣ ሰው የከተማውን በረንዳ ሞላው። እናቴ መኪያ ጠዋት ሱቃችንን ስትከፍት መዝጊያው ሥር የተኙትን "ተነሱልኝ" ማለት ያሳፍራት ነበር። በጓሮ በር ዞራ ትገባና ከውስጥ መቀርቀሪያውን ቀስ ብላ እያንኳኳች ታስነሳቸዋለች።

ማኅበሩ የተቋቋመው ያኔ ነው። ሐሳቡን ያመጡት ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ከረባት የማይለያቸው፣ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው። ቄሱን፣ ሼሁንና የጴንጤዎቹን ሽማግሌ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። በስብሰባው ላይ ግን አንድ ጥያቄ ተነስቶ ሁሉንም አፋጠጠ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ እንዴት ከአንድ ድስት ይበላሉ? የማን ሥጋ ይገባል? ማንስ ያርዳል? እናቴ ከኋላ ተነስታ፣ "ሥጋ ምን አስፈለገን? በቆሎና ባቄላ የሚያጣላው ሃይማኖት አለ እንዴ?" አለች። ተጨበጨበላት። እኛ ከመሐል አገር የመጣን ነጋዴዎች ነን፤ እናቴ በቦንጋ ሰው ፊት ቆማ ስትናገር የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። አባቴ ይህን እያነሳ ወር ሙሉ ኮራባት።

ስሙም ከዚያ ወጣ፤ የአንድ ድስት ማኅበር። አንድ ቡና ነጋዴ ባዶውን የቀረ መጋዘኑን ለቀቀላቸው፤ ቀን ቀን ይበላበታል፣ ሲመሽ ቤት የሌለው ይተኛበታል። በሩ ላይ "ከአንድ ድስት ለአንድ ሕዝብ" የሚል አቡጀዴ ተሰቀለ። ምሳ ከመቀዳቱ በፊት ቄሱ ይባርካሉ፣ ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ የጴንጤዎቹ ሽማግሌ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅሙን ይጸልያሉ። ንፍሮው እስኪበርድ ፈጣሪ በሦስት በር ይንኳኳል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔ ሁልጊዜ እዚያው ነኝ፤ ደስም ይለኝ ነበር። መጋዘኑ የጆንያና የደረቀ ቡና ሽታ አለው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ለመሰማማት እየጮኸ ያወራል፤ እናቴ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ረጅሙን ጭልፋ ይዛ ትቀዳለች።

በመጀመሪያው ቀን እትዬ አፀደ ጠሩኝ። የቦንጋ ተወላጅ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሰብሳቢ፣ ከእናቴ ጋር ድስቱን የሚያበስሉ ደግ ሴት። ደግነታቸውን ዛሬም አልክድም። ትንሽ ቢላ ሰጡኝና፣

"ረውዳዬ፣ ከጓሮ በሽታው ካልነካው ኮባ ሁለት ቅጠል ቆርጠሽ አምጪልኝ። ለጋውን ምረጪ፤ የተቀደደ እንዳይሆን" አሉኝ።

"ለማን ነው እትዬ?"

"ለነውባየሁ ነዋ! እነሱ በዚያ ነው የሚበሉት።"

እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያየሁት፣ ለብቻው የሚቀርብለት ሰው የተከበረ ሰው መሆኑን ነው። ቤታችን ሼሁ ሲመጡ ለብቻቸው ይቀርብላቸዋል፤ አባቴ ከመንገድ ሲመለስ ለብቻው ይቀርብለታል። እዚህ መጋዘን ውስጥ ሁለት መቶ ሰው የጎበጠ ቆርቆሮ ሰሃን እየተቀባበለ ይበላል፤ ሰሃኑ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ ይደረግና የሌላው ሰው ቅባት እንዳለበት ለሚቀጥለው ይሰጣል። የውባየሁና የልጇ ግን በየቀኑ አዲስ ነው፤ አረንጓዴ፣ ማንም ያልበላበት። ሰልፍ አይጋፉም፤ ውጭ ክፈፉ ሥር፣ የራሳቸው ቦታ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እናቴ በመጨረሻ ትወጣና ጭልፋው ቅጠሉን ሳይነካው ከፍ አድርጋ ታፈስላቸዋለች፤ አንድ ፍሬ ባቄላ ሳይንጠባጠብ። ይህን እንደ ጥበብ ነበር የማየው። ከመላው ተመጋቢ ንግሥትና ልዕልት የሚመስሉኝ እነሱ ሁለቱ ነበሩ፤ የንግሥቲቱን ገበታ ደግሞ የማዘጋጀው እኔ!

ውባየሁን ከዚያ በፊትም አውቃት ነበር። ቤታችን ከሰል ታመጣለች። የግቢያችን በር ላይ ትቆምና አጎንብሳ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ትሳለማለች። ትርጉሙን ብጠይቅ "ስለ እናንተ እኔ ልሙት" ማለት ነው አሉኝ፤ እንዴት የምትወደን ሴት ናት አልኩ። ከበሩ አልፋ አትገባም፤ ዓይነ አፋር ናት አልኩ። የከሰሉ ዋጋ እጇ ላይ አይደረግላትም፤ ድንጋይ ላይ ይቀመጥላትና ሰው ዞር ሲል ታነሳዋለች፤ ይህማ የለየለት ጨዋታ ነው አልኩ። በዕድሜ ከእናቴ ትበልጣለች፤ እኔ ግን "አንቺ ውባየሁ" ነበር የምላት። አንድም ትልቅ ሰው አልቆጣኝም።

ማንጆ ናት። ቃሉን ያኔም ሰምቼዋለሁ፤ የመንደር ስም ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የማውቀው ይህን ነው፤ በካፋ ከጥንት ጀምሮ በአደንና በከሰል የኖሩ ሰዎች ናቸው። የማይበላ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ስንት ትውልድ ሙሉ ከሰው ቤት አይገቡም፣ በሰው ዕቃ አይበሉም። ቢጠመቁም፣ ቢጾሙም፣ ቢቆርቡም አልለቀቃቸውም። ማኅበሩ የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን ነገር በባቄላ ፈታ፤ የእነሱን ነገር ግን ማንም እንደ ጥያቄ እንኳ አላነሳውም። ስብሰባም አላስፈለገው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ቅጠል ይቆረጣል፣ አለቀ። ስለ እኩልነት በየቀበሌው አዳራሽ ሌት ተቀን በሚነገርበት በዚያ ዘመን፣ እኔ ለጋውን እየመረጥኩ እቆርጥ ነበር።

የውባየሁ ልጅ ዝማሬ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ያጠመቋት ቄስ ናቸው። እኩያዬ ነበረች። አባቷ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ ወድቆ ሞተ፤ ጎጇቸው የነበረበት የጫካ ዳር ለኢንቨስተር ተሰጥቶ ታጠረ። ከዚያ ወዲህ ማደሪያቸው ያው መጋዘን ነው፤ መጋዘን ስል ከውጭ ማለቴ ነው። ሲመሽ ሌላው ሁሉ ገብቶ ጆንያ ላይ ይተኛል፣ እነሱ ክፈፉ ሥር ይቀራሉ። ንጹሕ አየር ፈልገው ይመስለኝ ነበር፤ በሐምሌ፣ በቦንጋ ዝናብ።

አንድ ቀን ጠጠር ስንጫወት ዝማሬ፣

"ሰሃንሽን አንዴ ልያዘው?" አለችኝ።

"ምን ያደርግልሻል?"

"ቅጠሉ ከሥሩ ያፈሳል። መረቁን ጠጥቼ ሳልጨርስ መሬት ይጠጣብኛል።"

"ነገ ወፍራሙን እቆርጥልሻለሁ።"

"ወፍራም አልፈልግም። እንደ ሰው በሰሃን ነው መብላት የምፈልገው።"

"ሞኝ!" አልኳት። "ሰሃኑ እኮ የሁሉም ነው፤ ሁሉም በልቶበታል። ያንቺ ያንቺ ብቻ ነው።"

ጠጠሯን ሰብስባ ተነሳች። እኔም በሆዴ ትዕቢተኛ አልኳት።

በማግስቱ ሦስት ቅጠል ቆረጥኩ። ሦስተኛውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ክፈፉ ሥር ከዝማሬ ጎን ተቀመጥኩና ተራዬን ጠበቅኩ። እናቴ ጭልፋዋን ይዛ ስትወጣ አየችኝ። መትታኝ የማታውቅ እናቴ በጥፊ አጮለችኝ። ክንዴን ይዛ እየጎተተች አስገባችኝ፤ እትዬ አፀደ ደግሞ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠቡኝ። ሳለቅስ ዋልኩ። የተመታሁት የተከበረ ሰው ድርሻ ስለተመኘሁ ነው ብዬ ነበር፤ እውነትም ነውር ነው፣ ሁለተኛ አይለምደኝም አልኩ። ሳሙናው ለምን ሁለት ጊዜ እንዳስፈለገ ለመጠየቅ አላሰብኩም።

በሐምሌ አጋማሽ ውባየሁ ሁለት ጆንያ ከሰል ተሸክማ ሱቃችን መጣች። አልገባችም። ከውጭ ቆማ ቀይ አበባ ያለባቸውን ሰሃኖች በጣቷ አሳየች። እናቴ ከሰሉን ተቀብላ ሁለት ሰሃን አወጣችላት።

"እማ፣ ቅጠል እያለላት ሰሃን ምን ያደርግላታል?" አልኩ ጮክ ብዬ።

"አርፈሽ ተቀመጪ!" አለችኝ እናቴ።

ተናደድኩ። በዝናብ እየበሰበስኩ፣ እሾህ እየወጋኝ ስቆርጥላቸው ለከረምኩት ቅጠል ውለታው ይህ ነው? ያን ሳምንት ለጋውንም አልመረጥኩላቸውም፤ ያገኘሁትን ነው ያመጣሁት።

ቅዳሜ እንግዳ መጣ። ከአዲስ አበባ አንድ የእርዳታ ድርጅት አንዲት ሴት ይልካል፣ ሥራችንን አይታ ከወደደችው ዓመቱን ሙሉ ስንዴ ይመጣል ተብሎ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ጋሽ ሀብተ ማርያም አዲስ ከረባት አስረዋል። አቡጀዴው ታጥቦ በድጋሚ ተሰቅሏል። ላንድክሩዘሩ ጭቃውን እየረጨ መጥቶ ቆመና ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰች፣ ፊቷ የተፈታ፣ ሰው የምትወድ የምትመስል ሴት ወረደች። ያን ቀን ጸሎቱ ከወትሮው በእጥፍ ረዘመ።

ሰልፉ ሲጀመር ውባየሁና ዝማሬ በዋናው በር ገቡ። መጋዘኑ ውስጥ ሲገቡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ውባየሁ ነጠላዋን አጥባለች፤ የዝማሬ ፀጉር ተጎንጉኗል። ሁለቱም አዲሶቹን ሰሃኖች በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳይነቅሉ ሰልፉ ውስጥ ቆሙ።

ከኋላቸው የነበሩት ሰልፉን ለቀው ሄዱ። ከፊታቸው የነበሩትም ዞር ብለው እያዩ አንድ በአንድ ወጡ። ጫማ የሌለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የለመነ ሽማግሌ "እነዚህ ከቀደሙኝ እኔ ከዚህ ድስት አልበላም!" ብሎ ባዶ ሰሃኑን አስቀመጠ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይላሉ። እኔ ደግሞ ያን ቀን ያየሁት፣ የተራበም ቢሆን ከራሱ በታች የሚያደርገው ሰው ካገኘ ረሃቡን እንኳ የሚረሳ መሆኑን ነው።

እነሱ ግን አልዞሩም። ሰው በሸሸው ቁጥር ወደፊት እየተራመዱ ድስቱ ጋ ደረሱ። ዝማሬ ሰሃኗን ዘረጋች። እናቴ ጭልፋውን ሞልታ አንስታው ነበር። እንደያዘችው ቀረች።

"ምን ተፈጠረ? ለምን ቆመ?" አለች እንግዳዋ።

ጋሽ ሀብተ ማርያም ፈገግ አሉ። ያንን ፈገግታ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። "ምንም አይደለም የኔ እመቤት። እነዚህ ወገኖቻችን በባህላቸው የሚመገቡት በቅጠል ነው። ማኅበራችንም ባህላቸውን አክብሮ በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ያዘጋጅላቸዋል። ዛሬ እንግዳ አይተው ግራ ቢገባቸው ነው።"

"ባህል አይደለም ይሄ" አለች ውባየሁ። አማርኛዋ ቀርፋፋ ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የምታወጣው። "እኔ እዚህ ቦንጋ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቄያለሁ። አባ ውሃ ሲያፈስብኝ በእጁ ነው የነካኝ። ቅጠል አልፈለገም። ልጄ በሰሃን ትብላ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቄሱ ጫማቸውን አዩ። ሼሁ መቁጠሪያቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። የጴንጤዎቹ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ምን እንደጸለዩ እሳቸውና አምላካቸው ያውቃሉ። ሦስት ሃይማኖት፣ አንድ አፍ የለም!

እንግዳዋ ማንን እንደምታምን ቸግሯት ዙሪያዋን ስትመለከት እኔን አየችኝ። ሁለት ቅጠል በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

"ሚጡ፣ እስኪ አንቺ ንገሪኝ" አለችና ዝቅ አለች። "ይህን ቅጠል የሚያመጣላቸው ማነው?"

"እኔ ነኝ!" አልኩ። "በየቀኑ እኔ ነኝ የምቆርጥላቸው፤ ለጋ ለጋውን መርጬ። ለሌላ ለማንም አይሰጥም፤ ለእነሱ ብቻ ነው። በጣም ይወዱታል።"

"በጣም ይወዱታል" የሚለውን ማንም አልጠየቀኝም፤ ከራሴ ጨመርኩት። የእንግዳዋ ፊት ፈታ አለ። "ልጅ አይዋሽም" አለች ቀና ብላ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ራሴን ዳበሱኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበር ሥራዬን እስከ መጨረሻው ላሳይ ብዬ፣ ሰሃኑን ከዝማሬ እጅ ወሰድኩና በምትኩ ቅጠሉን አስያዝኳት። አልታገለችኝም። እንግዳዋ ፎቶ አነሳችን።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እኔ ያን ቀን ያቦካሁት ግን ለማኅበሩ ዓመቱን ሙሉ በቃው።

ውባየሁ ቅጠሉን ከልጇ እጅ ወስዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አልወረወረችውም፤ አስቀመጠችው። ከዚያ እኔን አይደለም፣ እናቴን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። የዝማሬን እጅ ይዛ በገባችበት በር ዝናቡ ውስጥ ወጣች። እኔ የሌላ ሰው ሰሃን ይዤ ቀረሁ። ሰልፉም ወዲያው ሞላ፤ ያ ሽማግሌም ተመልሶ ቆመ።

በማግስቱ አልመጡም። በሣልስቱም። እኔ ግን ለሳምንት ያህል ሁለት ሁለት ቅጠል እየቆረጥኩ ጠበቅኋቸው፤ እንደተቀየምኳቸው። "ጥጋብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!" ሲሉ ሰማሁ ሴቶቹ ባቄላ እየለቀሙ፤ እኔም ጥጋብ ነው አልኩ። ቤት ስገባ እናቴን ብጠይቃት "ዘመዶቻቸው ጋ ሄደዋል" አለችኝና ፊቷን አዞረች። ነሐሴ ላይ ስንዴው በሁለት መኪና መጣ። ጋሽ ሀብተ ማርያም በሰው ሁሉ ፊት አስጠርተውኝ "ለብልኋ ልጃችን" ብለው ደብተርና እስክሪብቶ ሸለሙኝ። ተጨበጨበልኝ። እናቴ ግን አላጨበጨበችም፤ ድስቱን እያጠበች ነበር።

እውነቱን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ፣ ሰርግ ቤት ውስጥ ነው። እትዬ አፀደ ጎን ተቀምጬ ስለ ድሮው ስናወራ፣ "ያቺ የውባየሁ ልጅ እኮ ያኔውኑ ነው የሞተችው" አሉኝ። "በዚያው ነሐሴ። ለአረም ሥራ ወደ ጎጀብ ወርደው ወባ ያዛት አሉ። ነፍሷን ይማረው፣ ምስኪን!" አሉና ጨው አቀብዪኝ አሉኝ።

አቀበልኳቸው። ምን ላድርግ? ወባ ነው አሉ። ስሙን ወባ ይበሉት፤ ባዶ ሆዷን ነው ቆላ የወረደችው። የአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቀት ላይ፣ ሁለት መቶ ሰው የሚያጠግብ ድስት እየፈላ፣ አንዲት ልጅ በሰሃን ልብላ ስላለች ሞተች። ማንም እጁን አላነሳባትም፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ሁሉም ደጋግ ሰዎች ነበሩ። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢኖርበት እሱን ረግሜ እተኛ ነበር።

ዛሬ ዞን መሥሪያ ቤት በማኅበራዊ ጉዳይ ኤክስፐርትነት እሠራለሁ። አምና የድሮ ፋይል ስናጸዳ የዚያች እንግዳ ሪፖርት ቅጂ እጄ ገባ። "የአካባቢውን ባህል ያከበረ ፕሮግራም" ይላል፤ ለሌሎች ወረዳዎችም በቤስት ፕራክቲስነት እንዲሰፋ ይመክራል። ፎቶው ውስጥ እኔ ጥርሴን ፈልቅቄ እስቃለሁ፤ ዝማሬ ፊቷን አዙራለች። ሪፖርቱን በቦርሳዬ አድርጌ እናቴ ዘንድ ሄድኩ።

እናቴ አርጅታለች፤ ሱቁን ከተወች ቆይታለች። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ፎቶውን ብቻ አየችና አገላበጠችው።

"ለምን እማ? ለምንድን ነው ዝም ያላችሁት?"

"ለሁለት ሰው ብለን ሁለት መቶውን እንበትን ነበር?" አለችኝ። "ሰልፉ ሲበተን አላየሽም? ድስቱ በዚያው ቀን ይዘጋ ነበር።"

"ሁለት መቶው ሲርባቸው ይመለሱ ነበር! የተመለሱት እኮ ውባየሁ በሩን አልፋ ሳትርቅ ነው። ማን ነው በረሃብ የሞተው? ከሁለት መቶው አንድ ስም ጥሪልኝ!"

ወረቀቱን ከጭኗ አንስታ አጠገቧ አስቀመጠችው። እኔም ከዚያ ሰርግ ወዲህ ያፈነኝን አወጣሁት።

"እኔ ነኝ የገደልኳት። ይወዱታል ብዬ የመሰከርኩት እኔ፣ ሰሃኑን ከእጇ የነጠቅኩት እኔ።"

"አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር!" አለች በቁጣ፤ እንዲያ ስትቆጣ ካየኋት ዘመን የለውም። "ሁለተኛ እንዲህ ስትዪ እንዳልሰማ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ሰሃኑን የሸጥኩላት ቀን ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ?"

"ምን አልሻት?"

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ቅዳሜ ነይ አልኳት። እሷ ፈርታ ነበር፤ እንደሌላው ቀን ብመጣ ይሻላል ስትል እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እንግዳ ባለበት ሊመልሱሽ አይችሉም አልኳት። አንቺ ብቻ ሰሃንሽን ዘርጊ፣ ጭልፋው እኔ እጅ ነው፣ እኔ እቀዳልሻለሁ። ወላሂ ብዬ ነው የማልኩላት።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ዘረጉ። ጭልፋው ሞልቷል፤ ማዘንበል ብቻ ነው የቀረኝ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እኛ መጤ ነን፣ ነገ ከሱቃችን ማን ይገዛል አልኩ። ቄሱ ይናገሩ አልኩ በሆዴ፣ ሼሁ ይናገሩ፣ አንድ ሰው ይናገርና እኔ ልቅዳ። እጄ ዛለ። ውባየሁ ታየኛለች። ከዚያ አንቺ ተናገርሽ።"

መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ጠየቅኩ።

"እኔ ስናገር ምን አልሽ?"

"አልሐምዱሊላህ አልኩ" አለችኝ እናቴ። "ከኔ ላይ ወረደ ብዬ። ከዚያ የሞላውን ጭልፋ ለሚቀጥለው ሰው ገለበጥኩለት።"